ሁሉም የሚያውቃት ሸረሪት

ያስመረረኝ ሸረሪት ቤት ውስጥ መገኘቷ አይደለም። የምንኖረው ዳላስ ነው፤ የበጋው ሙቀት ትንኙንም በረሮውንም ወደ ቤት ያስገባዋል፣ ነፍሳት ባሉበት ደግሞ ሸረሪት አትጠፋም። ያስመረረኝ ሸረሪት በታየች ቁጥር ቤቱ በአዋቂ መሞላቱ ነው። ልጅ ይጮኻል፣ ሁሉም ይሰበሰባል፣ ማንም ጎንበስ ብሎ ሳያያት ፍርዱ ይሰጣል፦ «ብራውን ሪክሉስ ናት!» ይግባኝ የለም። ነጠላ ጫማ ይነሳል፣ ጧ! ይላል። «ቆይ ግን፣ እውነት መርዛማ ነበረች?» የሚባለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ምኗን አይቼ ልመልስ? ግድግዳው ላይ የቀረው እርጥብ ነጥብና እዚህም እዚያም የተበተነ እግር ነው። የሸረሪት ማንነት የሚታወቀው ፊቷ ላይ ሲሆን ጫማው አስቀድሞ የሚደፈጥጠውም እሱኑ ነው። ሬሳው በሶፍት ተጠቅልሎ ሽንት ቤት ከወረደ በኋላ ምርመራው ይጀመራል። አንዱ «ቡናማ ነበረች» ይላል፤ ሌላው «ኧረ ጥቁር ናት፣ ቀይ ነገርም አይቼባታለሁ» ብሎ ይምላል፤ ትንሹ ልጅ መዳፉን ዘርግቶ «ይሄን ታክላለች!» ይላል። ምስክሮቹ ሳይስማሙ ይመሻል፣ ቤተሰቡም አንሶላ ሲያራግፍ ያድራል።

እኛ ከሸረሪት ጋር ጠብ ያለን ሰዎች አልነበርንም። አገር ቤት ሸረሪት ማለት ለበዓል ቤት ሲጸዳ በረጅም እንጨት ጫፍ በታሰረ መጥረጊያ ከጣሪያ ጥግ የምትወርድ ነገር ናት። ድሯ ያሳፍር ይሆናል እንጂ እሷ ራሷ ወሬ ሆና አታውቅም። እንዲያውም ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን ያደግን ነን። የሸረሪት ፍርሃት እዚህ አገር ከቤቱ ብድር ጋር አብሮ የተሰጠን ነው።

ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። ዳላስ በእርግጥም የብራውን ሪክሉስ አገር ናት። በ1940 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሎክሶሴሌስ ሬክሉሳ የሚል ሳይንሳዊ ስም የተሰጣት ይቺ ሸረሪት ከቴክሳስ አንስቶ በኦክላሆማ፣ በካንሳስ፣ በሚዙሪ፣ በአርካንሳስና በቴነሲ በሰፊው ትኖራለች። ስትነክስ ብዙ ጊዜ ወዲያው አይሰማም፤ ከሰዓታት በኋላ ያማል፣ ያሳክካል፣ አንዳንድ ጊዜም ቆዳውን ገድሎ ወራት የሚፈጅ ቁስል ይተዋል። በጥቂት ሰዎች ላይ፣ በተለይ በሕፃናት ላይ፣ መርዙ ቀይ የደም ሕዋሳትን ሊሰብርና ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ይሄ ቀልድ አይደለም። ነገር ግን አብዛኛው ንክሻ ያለ ብዙ ጣጣ እንደሚድን የሚነግራችሁ ሰው አታገኙም። ስልክ ለስልክ የሚዞረው ያ የተቦረቦረ እግር ፎቶ ብቻ ነው፣ እሱም የማን እግር እንደሆነ፣ ምን እንደነከሰው ሳይታወቅ።

እስቲ አሁን መለያዋን ስሙልኝ። ጀርባዋ ላይ ቫዮሊን አለ ይባላል። የፊተኛው ክፍሏ ላይ፣ ማለትም እግሮቿ በሚበቅሉበት ላይ፣ ጠቆር ያለ ምልክት አለ፤ የቫዮሊኑ አንገት ወደ ሆዷ ያመለክታል። ጥሩ። ግን ሰው አንዴ ቫዮሊን ፈልግ ከተባለ የማያገኝበት ቦታ የለም። ጣሪያ ላይ ያለ የውሃ እድፍ ብታሳዩት ከነክሩ ያገኝላችኋል። ጀርባቸው ጠቆር ያለ ሸረሪቶች ደግሞ ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ የእውነተኛዋ ሪክሉስ ምልክት በበኩሉ፣ በተለይ በልጅነቷ፣ ደብዝዞ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሁሉም የሚያውቀው መለያ ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ነው። ማሲንቆ ነው ቢሉን ኖሮ ቢያንስ ቆም ብለን በደንብ እናይ ነበር።

ሁነኛው መለያ ዓይኗ ነው። አብዛኛው ሸረሪት ስምንት ዓይን አለው፤ ሪክሉስ ግን ስድስት ብቻ አላት፣ እነሱም ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ጥንድ ከፊት፣ ሁለቱ ከግራና ከቀኝ ተቀምጠዋል። በዚህ ላይ እግሮቿ ዝንጉርጉር አይደሉም፣ እሾህ የሚመስል ሻካራ ጸጉር የላቸውም፣ ሆዷም አንድ ዓይነት ቀለም ነው፣ ነጥብም መስመርም የለበትም። እግሯ ቀለበት ቀለበት ያለው ከሆነ ወይም ሆዷ ጌጠኛ ከሆነ ጉዳዩ እዚያው አለቀ፣ እሷ አይደለችም። ይህን ያህል ቀላል ነው። ችግሩ ሪክሉስ እግሯን ሳይጨምር አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆኗ ነው። ከመታጠቢያ ቤቱ በር ሥር እየሮጠች ያለችን ፍጥረት «እባክሽ አንዴ ቀና በይ፣ ዓይንሽን ልቁጠር» አይሏት! አጉሊ መነጽር ያለው ቤት ስንት ነው? መነጽር ያለው ቢገኝስ በሁለት ክንድ ርቀት አንገቱን አስግጎ ነው የሚያያት፣ ነጠላ ጫማውን በሌላው እጁ ይዞ።

በዚህ መሃል በግፍ የሚሞቱት ያሳዝኑኛል። ወንዱ ሳውዘርን ሀውስ ስፓይደር ቡናማና ረጅም እግር ስለሆነ በየቴክሳሱ ቤት በሪክሉስ ስም ይገደላል፤ ስምንት ዓይን አለው፣ ግን ማን ቆጥሮለት። ዎልፍ ስፓይደር የተባለችው ጸጉራምና ግዙፍ ስለሆነች ሁሉም ይሸሻታል፤ ሰውን ያን ያህል የምትጎዳ አይደለችም። እሷን በጫማ የመታ ሰው ግን ቅጣቱን እዚያው ያገኛል፤ እናቲቱ ልጆቿን ጀርባዋ ላይ አዝላ ስለምትሄድ በአንድ ምት ምንጣፉ በሚሯሯጥ ሕፃን ሸረሪት ይሞላል። ያን ጊዜ የቤቱ ጩኸት ጎረቤት ድረስ ይሰማል። በየጥጉ የምትንጠለጠለው ያቺ ቀጭን ባለ ረጅም እግር ደግሞ «በዓለም ላይ እንደሷ መርዘኛ የለም፣ ጥርሷ አጭር ሆኖ ነው እንጂ» የሚል ተረት ወጥቶላታል። ማስረጃ የለውም። ቢሆንም ይህን ተረት ሳልሰማ የወጣሁበት ግብዣ ትዝ አይለኝም።

ሁለተኛዋ ተፈሪ ብላክ ዊዶ ናት። እሷ እንኳ ለሰው አዝናለች፤ ልቅም ያለች አንጸባራቂ ጥቁር ሆና ከሆዷ በታች ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች ጫፍ ለጫፍ የተገናኙበት ቀይ ምልክት አላት፣ ድሯ ላይ ተገልብጣ ስለምትንጠለጠልም ምልክቱ ይታያል። የምትወደው ጋራዡን፣ የማገዶ ክምሩን፣ የውሃ ቆጣሪውን ሳጥን ነው። ንክሻዋ ጡንቻን ያኮማትራል፣ ሆድን ይቆርጣል፣ ያልባል፤ የሚገድለው ግን ከስንት አንዱን ነው፣ ከፈረስ ደም የሚሠራ ማርከሻም አለው። ሆኖም ጥቁር የሆነ ሁሉ ብላክ ዊዶ ነው የሚባልበት ቤት ውስጥ ስለምኖር ይህን መናገሬም ብዙ አልጠቀመኝም።

የቤቱ አዋቂ አልበቃ ብሎ የሩቁ ደግሞ አለ። ፎቶው ይነሳል፣ ይደበዝዛል፤ ሸረሪቷ ግማሿ ጥላ፣ ግማሿ ምንጣፍ ትሆናለች። ወደ ቤተሰቡ ግሩፕ ይላካል። ከአሌክሳንድርያ ቨርጂኒያ የአጎት ልጅ «እኛ ጋ ሞልታለች፣ ተጠንቀቁ» ይላል። ከሲያትል የሚስቴ ጓደኛ «የኔን ባል የነከሰችው እሷ ናት» ትላለች። ሎስ አንጀለስ ያለው ወንድሜ አንዲት ገድሎ ፎቶዋን በምላሽ ይልካል። አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ እትዬ ደግሞ ምንም ሳታይ «በስመ አብ በሉባት» ብላ ትጽፋለች፤ ከሁሉም ምክር ጉዳት የሌለው የሷው ነው።

ለሲያትሉ፣ ለቨርጂኒያውና ለሎስ አንጀለሱ ዘመዶቼ ደጋግሜ የምለው አለ፦ ብራውን ሪክሉስ እናንተ ጋ ሰፈር የላትም። ምናልባት በዕቃ መጫኛ ተጭና አንዲት ልትመጣ ትችላለች እንጂ በዲሲ ዙሪያም፣ በሲያትልም፣ በሎስ አንጀለስም ነዋሪ አይደለችም። ሪክ ቬተር የሚባል የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሪቨርሳይድ የሸረሪት ተመራማሪ በዚሁ ነገር ሲሰላች ጊዜ «ሪክሉስ ናት የምትሉትን ሁሉ በፖስታ ላኩልኝ» ብሎ ለአገሩ ሕዝብ ጥሪ አቀረበ። ከ49 ግዛቶች 1,773 ፍጥረት ደረሰው። ከጥቂት በስተቀር እውነተኞቹ ሪክሉሶች የመጡት ቀድሞም ይኖሩበታል ከተባለው አካባቢ ብቻ ነበር፤ ከሌላው የመጣው ሌላ ሸረሪት ነው። ይህን ለወንድሜ ስነግረው «ሳይንቲስቶች ሁሉን አያውቁም» አለኝ። አንድ የተጨፈለቀ ሬሳ በደበዘዘ ፎቶ አይቶ ዘሩን ለመናገር ግን እሱ ምንም አልቸገረው።

ስልክ ላይ ያለው አፕም ከዚያው ወገን ነው። ፎቶውን ሰጥታችሁት ሦስት ስም ያመጣል፤ አንዱ ሪክሉስ፣ አንዱ የማትጎዳ፣ አንዱ አውስትራሊያ የምትኖር። ሰው የትኛውን እንደሚያምን መናገር አያስፈልግም።

ስለ ቁስልም ላንሳ፤ ምክንያቱም ሸረሪቷ ሳትታይም ክሱ ይቀጥላል። አንድ ሰው ጠዋት ሲነሳ ክንዱ ላይ ቀይ ነገር ካገኘ ሌሊት ሸረሪት ነከሰችኝ ይላል። እትዬማ ንክሻም አያስፈልጋት፤ «ሸረሪት ሸንታብህ ነው» ትላለች። በወገብ ዙሪያ እያቃጠለ ተደርድሮ የሚወጣውን ሽፍታ፣ አልማዝ ባለጭራን፣ እሷ የምትፈርደው በሸረሪት ሽንት ነው። አልማዝ ባለጭራ ግን በልጅነታችን ጉድፍ ያወጣን ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ሲቀሰቀስ የሚመጣ ነው፣ ሸረሪት የለችበትም። ቶሎ የተጀመረ መድኃኒት ሕመሙን ያቀላል፣ ሸረሪት ሲፈለግ የጠፋ ቀን ደግሞ አይመለስም። ይህንንም ብዬ ነበር። ማን ሰምቶኝ።

እትዬን ብቻ እንዳልወቅስ፣ ሐኪሞችም ከዚህ አይነጹም። ሸረሪት ያላየ በሽተኛ ሸረሪት ያላየ ሐኪም ጋ ይሄዳል፣ ወረቀቱ ላይ «የሸረሪት ንክሻ» ተብሎ ይጻፋል፣ ከዚያ በኋላ ያ ወረቀት ማስረጃ ሆኖ በየቤቱ ይዞራል። ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ በእስር ቤቶችና በስፖርት ቡድኖች ውስጥ የሸረሪት ንክሻ ነው የተባለ ቁስል ተስፋፍቶ፣ ሲመረመር መድኃኒት የለመደ ስታፍ የሚባል ባክቴሪያ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከሰው ወደ ሰው የሚዛመት፣ ሸረሪት በማሳደድ የማይቆም። በ2001 መገባደጃ ኒውዮርክ ውስጥ የሰባት ወር ሕፃን ክንዱ ላይ ቁስል ወጥቶበት መጀመሪያ የሪክሉስ ንክሻ ነው ተባለ፤ በኋላ በዚያ ሰሞን በፖስታ ሲበተን የነበረው አንትራክስ መሆኑ ታወቀ። ሕፃኑ ተረፈ። እስቲ አስቡት፤ አንትራክስ ያህል ነገር እንኳ በሸረሪት ስም ተሸሽጎ ሊያልፍ ነበር።

በ2017 የዚሁ ጉዳይ አዋቂዎች ለሐኪሞች አንድ መመዘኛ አሳተሙ፤ ቬተርም አንዱ ነበር። ቁስሉ ከአንድ በላይ ከሆነ፣ መሃሉ ቀይ ከሆነ፣ መግል ከቋጠረ፣ ከአስር ሳንቲ ሜትር ከሰፋ፣ ወይም ሦስት ወር አልፎም ካልዳነ፣ ሪክሉስን አትክሰሷት ይላል። የንክሻው ወቅትም በአብዛኛው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ባለው ሙቅ ጊዜ ነው። እኛ ሰፈር ግን በገናም ትከሰሳለች።

ደግሞ የተባይ መድኃኒት የሚረጩት አሉ። ሰው ፈርቶ ይደውላል፣ ባለመኪናው ይመጣል፣ መብራት ሳያበራ «አዎ ሪክሉስ ነው ያለባችሁ፣ የዓመት ውል ያስፈልጋችኋል» ይላል። አይ አይደለም ብሎ የተመለሰ እስከ ዛሬ አላየሁም፤ አይደለም የሚል ቃል ገንዘብ አያመጣም። የታየውን አሳየኝ ስትሉት የሚያሳያችሁ የጋራዡን ድር ነው። ድሩ በግልጽ ቦታ አምሮ የተዘረጋ ከሆነ ደግሞ የሪክሉስ አይደለም፤ እሷ ድሯን በተሸሸገ ቦታ እንደነገሩ ታደርገዋለች እንጂ ለነፍሳት ማጥመጃ አትዘረጋውም፣ ሌሊት ወጥታ እየዞረች ነው የምታድነው። የተረጨውን ወለል በቀጫጭን እግሯ ተራምዳ ወደ ካርቶኗ የምትመለስ ፍጥረት ስለሆነች መርጨት ብቻውን ብዙም አይበግራት። በየግድግዳው ሥር የሚቀመጠው ርካሹ ማጣበቂያ ወረቀት ይሻላል፤ ይይዛታል፣ ሳይደፈጥጥ ለዓይን ቆጠራም ያቆያታል። ይህን ግን ማንም በውል አይሸጥላችሁም።

«ካለች ቤቱን እንልቀቅ» የሚለው ክርክርም ደክሞኛል። ካንሳስ ውስጥ፣ ሌኔክሳ በምትባል ከተማ፣ አራት ሰዎች የሚኖሩበት አንድ አሮጌ ቤት ነበር። በ2001 በስድስት ወር ውስጥ ከቤቱ የተሰበሰበው ብራውን ሪክሉስ 2,055 ነው። ቤተሰቡ ለዓመታት ኖሮበታል፤ እስከዚያ ድረስ አንድም ሰው አልተነከሰም። ሁለት ሺህ አምሳ አምስት! እኛ አንዲት ማንነቷ ያልታወቀ አይተን ሆቴል እንደር እንላለን። ሪክሉስ ከሰው ትሸሻለች፤ የምትነክሰው ከቆዳችን ጋር ስትጣበቅና ስትጨመቅ ነው፦ የቆየ ልብስ ስንለብስ፣ ጫማ ስናጠልቅ፣ በእንቅልፍ ስንገላበጥባት።

የኛን ቤቶች ሳስብ ግን ትንሽ እፈራለሁ፣ እውነቱን ለመናገር። እሷ የምትወደውን ሁሉ አሰናድተን ነው የምንጠብቃት። የሐበሻ ጋራዥ ምን እንዳለበት ታውቃላችሁ፤ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሲገኝ ይላካል ተብሎ የተሞላ ካርቶን፣ ለዘመድ የተጠቀለለ ጫማ፣ ግማሹ ተሞልቶ ዚፑ ያልተዘጋ ትልልቅ ሻንጣ። ካርቶን ለሪክሉስ ጠባብ፣ ደረቅ፣ ጨለማ፣ ሰላም ነው፤ ምግብ ሳታገኝም ወራት ትቆያለች። ከዚያ አንድ ቀን ሰው ተገኘ ተብሎ በጥድፊያ እጅ ይገባበታል። ሸረሪትን በጫማ የሚያሳድደው ያ ሁሉ ጀግና እዚያ ካርቶን ውስጥ ባዶ እጁን ሲከት አይቼዋለሁ። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ገዝቼ ባመጣ «ገንዘብ ተረፈህ?» ተባልኩ። አልጋውን ከግድግዳ ትንሽ እናርቀው ብል «ክፍሉ ያስጠላል» ተባልኩ። ጓንት አድርጉ፣ ልብሱን አራግፉ ብል ማንም መልስም አልሰጠኝ። ጨዋታው ያለው መግደሉ ላይ ነው።

ስለዚህ ለማን አቤት እንደምል ስለማላውቅ ለእናንተ ለአንባቢዎች እላለሁ። እባካችሁ፣ ስታዩዋት ብርጭቆ ድፉባት፣ ከሥር ወረቀት አስገቡ፣ ክዳን ባለው ብልቃጥ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጧት። ትሞታለች፣ ዓይኗ ግን ይቀራል። ቴክሳስ ያላችሁ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም አግሪላይፍ ኤክስቴንሽን በየካውንቲው ቢሮ ስላለው እዚያ ጠይቁ፤ ሸረሪትን ከሸረሪት የሚለዩ ሰዎች አሏቸው፣ የሚሸጡላችሁ ውልም የለም። የተነከሰ ሰው ካለ ቦታውን በሳሙናና በውሃ እጠቡ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙበት፣ ሐኪም ጋ ስትሄዱም ያዛችሁት ሸረሪት ካለ አብራችሁ ውሰዱ። ትኩሳት፣ ሽፍታ ወይም የጠቆረ ሽንት ከመጣ፣ በተለይ በልጅ ላይ፣ ግሩፑ ላይ ፎቶ ከመላክ በፊት ሐኪም ቤት ሂዱ። በመላው አሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከል ስልክ 1-800-222-1222 ነው፤ ሌት ተቀን ይሠራል፣ ክፍያ የለውም፣ እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው እናቶቻችንም አስተርጓሚ ይጠየቃል።